የመጋረጃ ሰፊው ሰፈር

መጋረጃ ሰፊው መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሳያነበው አልፎታል። ጠዋት ሱቁን ከፍቶ፣ ኮምፒውተሩን አብርቶ ጌሙን ሲነካው፣ የጌሙ ከተማ ስክሪኑ ላይ ከመምጣቱ በፊት አንድ ነጭ ሳጥን ብቅ ይላል። እሱም «እሺ» የሚለውን ይጫናል። በሦስተኛው ቀን ሳጥኑ ቀይ ሆኖ መጣ። ያኔ ጎረቤቱን ኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራው።

ጠጋኙ ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ እንደሰካ መጣ፤ ቆሞ አነበበ።

«ጋሽ ሜትር፣ ይሄ ነገር ሊዘጋ ነው።»

«ማን ነው የሚዘጋው?»

«ጌሙን የሚከፍተው ፕሮግራም ነዋ። ይሄን የድሮ ሲስተም ከወሩ መጨረሻ በኋላ አልደግፍም ይላል።»

«መቼ ደግፎኝ ያውቃል? እኔ ነኝ ስጠጋግነው የኖርኩት።»

ጠጋኙ ሳቀ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና በቀስታ አስረዳው። ጌሙ በሲዲ የተገዛ አይደለም፤ የኢንተርኔት መደብር ነው የሸጠለት። በተከፈተ ቁጥር የመደብሩን ፈቃድ ይጠይቃል። መደብሩ ደግሞ የድሮ ኮምፒውተሮችን ማስተናገድ በቃኝ ብሏል። አዲሱን ሲስተም እንዳይጭንለት ይሄ ኮምፒውተር አይችለውም። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ጌሙ አይከፈትም፤ የሠሩት ሰዎች ድርጅታቸውን ከዘጉ ቆይተዋል፣ የሚያስተካክለው የለም።

«ገመዱን ብነቅለውስ? ኢንተርኔት ከሌለ ማንን ይጠይቃል?»

«ፈቃድ ሳያገኝ መክፈት እንቢ ይላል። የእርስዎ እንደዚያ ነው የተሠራው።»

«ከፍዬ የገዛሁትን?»

«የገዙት መጫወቱን ነው፣ ጋሼ። ጌሙን አይደለም።»

መጋረጃ ሰፊው በከንፈሩ ይዟቸው የነበሩትን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥቶ የስፒል መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቸው። ጠጋኙ ሥራ እንዳለበት ተናግሮ ወጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ተመለሰና የከተማውን ምስሎች እያነሳ ፍላሽ ላይ አስቀመጠለት። «ቢያንስ ፎቶው ይኑርዎት» አለ። ፎቶው ውስጥ ግን ሰው አይራመድም።

ሰውየው ከወጣትነቱ ጀምሮ መጋረጃ ሲሰፋ የኖረ ነው። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው መጣ። ኮምፒውተሩን የገዛው የጨርቅ ቅርጽ ሊስልበት ነበር፤ አልሳለበትም። የከተማ ግንባታውን ጌም የጫነለት ያው ጠጋኙ ነው፤ ደንበኛ በሌለ ሰዓት እንዲጫወት ብሎ። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ተጫወተ። ሰፋፊ ጎዳና ዘረጋ፣ ረጃጅም ፎቅ ተከለ፣ ውሃ ማስገባት ረሳ፣ ከተማው ተቃጠለ። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ተቃጠለ።

ከዚያ ሰፈራቸው ፈረሰ።

ከባቡር ሐዲዱ በታች የነበረ ሰፈር ነው። ነዋሪው ተነሺ ተባለና በከተማው ዳር በተሠሩ ፎቆች ተበተነ። አዲስ ቤት አዲስ መጋረጃ ይፈልጋል፤ የድሮ ጎረቤቶቹ ተራ በተራ ወደ ሱቁ መጡ። የአዲሱን መስኮታቸውን ልክ እየነገሩት ስለ አሮጌው ያወራሉ። እሱ ደግሞ አሮጌውን መስኮት ያውቀዋል። የሰፈሩን መጋረጃ ከሞላ ጎደል የሰፋው እሱ ነበር። የነርሷ ቤት ሁለት መስኮት፣ አረንጓዴ፣ ጫፉን ድመት የቧጨረው። የሬዲዮ ጠጋኙ ቤት አንድ ትልቅ መስኮት፣ ቡናማ፣ ሁልጊዜ የተዘጋ።

አንድ ቀን፣ ደንበኛ ሲጠብቅ፣ የነርሷን ቤት ጌሙ ውስጥ ሠራው። ከመጋረጃው ተነስቶ መስኮቱን ገመተ፤ ከመስኮቱ ግድግዳውን፣ ከግድግዳው ቤቱን። ከጎኑ የሬዲዮ ጠጋኙን ቤት አስቀመጠ። ከዚያ ማቆም አልቻለም። ዓመታት ፈጀበት። ደንበኞቹ እያዩ ያርሙታል፤ «በራችን በዚህ በኩል ነበር»፣ «ቧንቧው ትንሽ ወደ ታች ነው» ይሉታል፤ እሱም ያስተካክላል። ሰዎች የሚሰፋ ነገር ሳይኖራቸውም መምጣት ጀመሩ። ተቀምጠው ትንንሾቹ ሰዎች በመንገዱ ላይ ሲሄዱ ያያሉ። አንዳንዱ ጣቱን ስክሪኑ ላይ እያሳረፈ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ጌሙ ውስጥ የሌለውን ሕንፃ በሌላ ይተካዋል። ዳቦ ቤት የሚባል ስላልነበረው፣ ጭስ መውጫ ያለውን ብቸኛ ሕንፃ ዳቦ ቤት አደረገው። ሕንፃው ፖሊስ ጣቢያ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ይህን ሲሰማ ወገቡን ይዞ ሱቁ መሐል ቆመ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሌሊት እየተነሳሁ ዳቦ ስጋግር ኖሬ፣ መጨረሻዬ ፖሊስ ጣቢያ?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው እየመጣ ጣቢያውን ይጎበኛል።

ያልመጣችው የመጋረጃ ሰፊው እህት ብቻ ናት።

ታላቁ ናት፤ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሆና ጡረታ የወጣች። ከእናት ከአባታቸው ልጆች የቀሩት ሁለቱ ናቸው። እሑድ እሑድ በስልክ ይገናኛሉ፤ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ሊፍቱ መበላሸት ያወራሉ። ስለ ሰፈሩ አያወሩም። ዶዘሩ በመጣ ቀን እሱ ሌላ ከተማ ነበር፤ የሆቴል መጋረጃ ሊሰቅል ሄዶ። እሷ ናት ቆማ ያየችው። ሰፈሩን በኮምፒውተር እየሠራሁ ነው ብሎ ሲነግራት፣ አንድ ጊዜ ብቻ መለሰችለት።

«አንተ በሌለህበት የፈረሰውን፣ እኔ በሌለሁበት ሠርተህ ምን በይ ልትለኝ ነው?»

ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም። ጊዜ አለ ብሎ አስቦ ነበር። አንድ ቀን ራሷ ትመጣለች። አሁን ግን ወሩ የሚያልቀው የፊታችን እሑድ ነው። ሰው ሁሉ አይቶታል፤ «አየሁት» እንድትለው የሚፈልጋት ግን ያላየችው እህቱ ናት። ስልኩን አነሳ።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ሱቅ ብቅ በይማ።»

«ምን ልሠራ?»

«ለልጅሽ ቤት መጋረጃ እሰፋለሁ አላልኩም? ጨርቅ ምረጪ።»

«ይሄን ያልከው ያኔ ልጄ ስትዳር አይደል እንዴ? አሁን የልጅ ልጅ አሳይታኛለች።»

«ጨርቁ ገና አሁን መጣ።»

«ያንን መጫወቻህን ላሳይሽ እንዳትለኝ ብቻ።»

«አልልሽም።»

ውሸቱን ነበር። እሷም አላጣችውም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣች። ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ፣ እንደ ድሮዋ፣ ሰው ሊነጥቃት የመጣ ይመስል። ዳቦ ጋጋሪው ከተቀመጠበት ጮኸ።

«ትኬት ያልያዘ እንዳይገባ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ገና አልሞትክም?»

«የራሴን ዳቦ ስለማልበላ ነው።»

ጨርቆቹን አንድ በአንድ ነካካች። ይሄ ያድፋል አለች። ይሄን ፀሐይ ይበላዋል። ይሄ የቢሮ ይመስላል። ሁሉንም ነቅፋ ስትጨርስ መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ ኮምፒውተሩ ፊት ሄዳ ተቀመጠች።

«በል አሳየኝ። ለጨርቅ እንዳልጠራኸኝ እያወቅሁ ነው የመጣሁት።»

ከእናታቸው ቤት ጀመረላት። ቀይ ጣሪያ ያለው፣ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሕንፃ ነው።

«ደጃፉ ላይ የቆመው መኪና ምንድን ነው?»

«እሱን አትይው። ጌሙ ውስጥ ቀይ ጣሪያ ያለው የእሳት አደጋ ጣቢያው ብቻ ነው።»

«እናታችን እሳት አደጋ?»

«ትክክል ነዋ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «የሰፈሩን ጠብ ሁሉ ማን ነበር የሚያጠፋው?»

«የሚለኩሰውስ ማን ነበር?» አለች። ሦስቱም ሳቁ።

ከዚያ ማየት ጀመረች። ጣቷ ስክሪኑን ሳይነካ ከላይ ከላዩ ሄደ። የነርሷን ቤት አለፈ። የሬዲዮ ጠጋኙን ቤት አለፈ። ከቧንቧው ዘንድ ቆመ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ወንድሟ ከኋላዋ ቆሞ ፊቷን በስክሪኑ ነጸብራቅ ለማየት ሞከረ። አልታየውም። ጣቷ ከእናታቸው ቤትና ከፖሊስ ጣቢያው መካከል ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መንገዳችን ነዋ። በእኛና በዳቦ ቤቱ መሐል ያለችው።»

«አይደለችም።»

«እንዴት አይደለችም? ይኸው ባለቤቱ ተቀምጧል፣ ጠይቂው።»

«እሷ ናት እንጂ» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«በዚህ እኮ መኪና ያልፋል! አልጋዬን ረሳችሁት?»

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። ዳቦ ጋጋሪው ቀድሞ አስታወሰ፤ ግንባሩን መታ።

አልጋው የጋብቻዋ ነበር። ከአናጺው ቤት ተሸክመው አምጥተውት በመንገዷ ሲያስገቡ መሐል ላይ ተቀረቀረ። ወደ ፊት አይሄድ፣ ወደ ኋላ አይመለስ። ከወዲያ በኩል የሚኖረው ሰው ሁሉ ሌላ መውጫ የለውም። ስለዚህ በአልጋው ላይ መሻገር ግድ ሆነ። እናታቸው ፍራሹን አንጥፋበት አጠገቡ ቆማ ነበር፤ «የሙሽራ አልጋ ነው፣ ጫማ አውልቁ!» እያለች። ነርሷ ነጭ ካልሲዋን አድርጋ ተሻገረች። የሬዲዮ ጠጋኙ ጫማውን በእጁ ይዞ ተሻገረ። ዳቦ ጋጋሪው የዳቦ ሳንቃ በራሱ ላይ እንደተሸከመ፣ በባዶ እግሩ፣ ሁለት ጊዜ። አናጺው መጋዝ ይዞ መጥቶ የአልጋውን እግር ቆርጦ እስኪያወጣው ድረስ ሰፈሩ በሙሉ በአልጋዋ ላይ አለፈ።

«አንድ ዳቦ ወድቆብኝ ነበር» አለ ዳቦ ጋጋሪው እንባው እስኪመጣ እየሳቀ። «እናታችሁ ‹ለሙሽራይቱ ነው› ብላ ወሰደችው።»

«በል ንገረኝ እንግዲህ። በዚህ መንገድ አልጋ ይቀረቀራል?»

መጋረጃ ሰፊው አልሳቀም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በጣቱ እየጠቀለለ ነበር። ስህተቱ የገባው ያኔ ነው። ቤቶቹን ሁሉ የሠራቸው ከመጋረጃቸው ተነስቶ ነው። መጋረጃ ደግሞ ከመስኮቱ ይሰፋል፤ ግራና ቀኝ ስንዝር ስንዝር ይተውለታል፣ ለእጥፋቱ ሌላ ይጨመርለታል። በእጁ የቀረው የቆረጠው የጨርቅ ልክ ነው እንጂ የመስኮቱ አይደለም። መስኮቱ ሰፋ፣ ከመስኮቱ ጋር ግድግዳው፣ ከግድግዳው ጋር ቤቱ። መንገዱንም እንዲመጣጠን ብሎ አሰፋው። ማንም አላረመውም። የሚመጡት ሰዎች ልጅ ሆነው በመንገዱ የሮጡ ናቸው፤ ሰፊ መስሎ ነው በሐሳባቸው የቀረው።

«ሁሉንም ነው ያሰፋሁት» አለ። «ሰፈሩን በሙሉ።»

«ሌላውን ተወው። ይህቺን መንገድ አጥብባት።»

«እሱ ቀላል አይደለም። ቤት ወዲያ ወዲህ አይልም። በዳቦ ቤቱ በኩል ያለውን ረድፍ ሙሉውን አፍርሶ፣ ጠጋ አድርጎ እንደገና መሥራት ነው።»

«አፍርሰዋ።»

ማውሱን ያዘ። ከስክሪኑ ጥግ ያለችውን የዶዘር ሥዕል ነካት። ቀስቷ ወደ ትንሽ ዶዘር ተለወጠች። ፖሊስ ጣቢያው ላይ አደረሳት። ጣቱ ግን አልጫነም።

«ይቅር፣ እትዬ። ሰው ወዶታል። ነገ አልፎ የሚዘጋ ነገር ነው፣ ምን አደከመን።»

«የሚዘጋ ከሆነማ ተሳስቶ ለምን ይዘጋል?»

እጁ ካለበት አልተንቀሳቀሰም። እህቱ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«አምጣው። የትኛውን ነው የምጫነው?»

«በግራ በኩል ያለውን።»

ተጫነችው። ጌሙ የመደርመስ ድምፅ አሰማ፤ ትንሽ ቡናማ አቧራ ቦነነ፤ ፖሊስ ጣቢያው ባዶ መሬት ሆነ።

«ይኸው! ለሁለተኛ ጊዜ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «አሁንም ሳያስጠነቅቁኝ።»

ቀጣዩን ተጫነችው። አቧራ። ቀጣዩን። ዳቦ ጋጋሪው ቀልዱን አቆመ። መጋረጃ ሰፊው በሩ በኩል ወደ ጎዳናው እያየ ነበር።

«ወዲህ ዙር» አለችው እህቱ። «ያኔ አልነበርክም። አሁን እይ።»

ዞረ። ረድፉ እስከ ጫፉ ድረስ ሲፈርስ አየ። ቤቶቹ በተነሱበት ባዶ ቦታ ላይ ትንንሾቹ ሰዎች ትንሽ ቆም አሉና በሌላ በኩል ሄዱ።

«እንደዚህ ነበር?»

«ድምፁ ከዚህ ይከፋል» አለች። «አቧራው ደግሞ ቶሎ አይጠፋም።»

በማግስቱ እሑድ ሱቁን ለእሷ ብቻ ከፈተ። ምሳ ይዛ መጣች። መንገዷን አንድ ካሬ ብቻ አደረጓት፤ ጌሙ ከዚያ በታች አያውቅም። ዳቦ ቤቱን ከግድግዳቸው አጠገብ አድርገው ተከሉት። ከዚያ ወደ ታች ወረዱ፤ ቤት በቤት፣ እየተጣሉ።

«እዚህ ጋ አንዲት ሴትዮ ዶሮ ታረባ ነበር።»

«ዶሮ ያረባችው ቀጣይዋ ናት። ይቺ ዶሮዎቹን የምታባርረዋ ናት።»

«አንቺ ሁሉንም ታውቂያለሽ።»

«አንተ ጨርቅ ታያለህ፣ እኔ ሰው አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስንት ሰው ገባ ስንት ወረደ እያልኩ አይደል የኖርኩት?»

መንገዷ ስታልቅ ትንንሾቹ ሰዎች ገቡባት። መንገዷ ጠባብ ስለሆነች ጎን ለጎን መሄድ አልቻሉም፤ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰለፉ። ከወዲያ የሚመጣ ሲኖር ከወዲህ ያለው ይቆምለታል። እህቱ መነጽሯን ወደ ግንባሯ አውጥታ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፤ ከዚያ ድንገት በድሮው የሥራ ድምፅዋ፣ ሱቁ እስኪያስተጋባ ጮኸች፤

«ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ! መሐሉ ባዶ ነው!»

በሩ ላይ ያለፈ ሰው ዞር ብሎ አያቸው። ወንድሟ በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ፤ ከሳቁ ነው።

አውቶቡስ እንዳያመልጣት ስትነሳ በረድፉ ጫፍ አንዲት ቤት ቀርታለች። ጥግ ላይ ያለችው። በሯ በየት በኩል እንደነበር አልተስማሙም።

«እኔ ነገ ጠዋት አስገባታለሁ» አላት።

«ነገማ ይዘጋል አላልክም?»

«በጠዋቱ ላይደርሱብኝ ይችላሉ።»

ደርሰውበታል። ሰኞ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የመጣው ሳጥን ብቻውን ነበር። «እሺ» የሚል አንድ ቁልፍ ነበረው። ተጫነው፤ ሳጥኑ ጠፋ፤ ከኋላው ምንም አልመጣም። ጠጋኙ ገመዱን ነቀለ፣ መለሰ፣ የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ ኋላ አዞረ፣ አጥፍቶ አበራ። በመጨረሻ «አዝናለሁ፣ ጋሼ» አለና ፍላሹን ሰካለት። ምስሎቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ጠጋኙ ያነሳቸው ባለፈው ሳምንት ነው። በሁሉም ላይ መንገዷ ሰፊ ናት። የተስተካከለችው መንገድ የቆመችው እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ያዩዋትም ሁለት ሰዎች ናቸው።

የልኬት ቀጠሮ ነበረውና ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሊወጣ ሲል ስልኩ ጮኸ። ቀኑ እሑድ አይደለም፤ ደዋይዋ ግን እህቱ ናት።

«ያቺ የጥግ ቤት በሯ ወደ ቧንቧው ነው። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ወደ መንገድ አድርገህ እንዳትሠራት።»

«ተዘግቷል፣ እትዬ።»

ከወዲያ በኩል የሊፍት በር ሲዘጋ ይሰማል።

«አልደረስክባትም?»

«አልደረስኩባትም። የቀረው የተሳሳተው ፎቶ ነው።»

«እሱን ሰቅለህ እንዳላይ።»

«አልሰቅለውም።»

«በሯ ግን ወደ ቧንቧው ነው።»

«ወደ መንገድ ነው። መጋረጃዋን የሰቀልኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ ልጅ! እዚያ ቤት እየገባሁ ውሃ እየለመንኩ አድጌ በሯን ታስተምረኛለህ?»

ደንበኛው እየጠበቀው ነበር። ቢሆንም ተመልሶ ተቀመጠ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ብቻዋን አልመጣችም። የጥጓን ቤት ልጅ ከየትም ፈልጋ አግኝታት፣ ክንዷን ይዛ፣ እንደ ምስክር አምጥታታለች። ልጅ ማለት አሁን ፀጉሯ የሸበተ፣ ምርኩዝ የያዘች ሴት ናት። መጋረጃ ሰፊው ወንበር አቀረበላት። ዳቦ ጋጋሪው ውሃ አቀረበላት። እህቱ ቆማ ጠበቀች።

«በይ ንገሪው። በራችሁ በየት በኩል ነበር?»

ሴትዮዋ ውሃዋን ጠጥታ ጨረሰች፤ አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ እሷ አየች።

«በዳቦ ቤቱ በኩል ነዋ» አለች። «በየት በኩል ሊሆን ነበር?»

«ምን?» አሉ ሁለቱም በአንድ ላይ።